ምርቃና እንቅልፍን ይደብቃል እንጂ አይተካም

እህቴ፣ ባለቤትሽ የጅቡቲ መስመር የተሳቢ ሹፌር እንደሆነ፣ በቀን 4 ሰዓት ብቻ ተኝቶ «ጫት ስለምቅም አይደክመኝም» እንደሚልሽ ጽፈሽ፣ ጤናውን ይጎዳው እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይጎዳዋል። እኔን ከሁሉም በላይ ያሰጋኝ ግን ያ «አይደክመኝም» የሚለው ነው።

ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለን በእሱ ነው። የሚወገደውም በመተኛት ነው። ቡና ስሜቱን ይጋርዳል፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ አንጎልን ያነቃቃል፤ የእንቅልፍ ዕዳው ግን እንዳለ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ለ2 ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው እስከ 2 ሌሊት ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ወርዶ ተገኝቷል። እነሱ ግን መድከማቸው ብዙም አልታወቃቸውም።

ምርቃናው የሚወርደው ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ በጣም ክፉ ነው፤ ሰውነት በተፈጥሮው የሚያንቀላፋበት ሰዓት ነውና። ያኔ ዓይን እንደተገለጠ አንጎል ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳ 3 ሰከንድ ቢያንቀላፋ፣ ተሳቢው 67 ሜትር ያህል ያለ ሹፌር ይሄዳል።

በሌላ በኩል፣ ጤናማ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ልብ ይህን እረፍት አታገኝም፤ ጫቱ ደግሞ ግፊቱን ይጨምርበታል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊንም በደንብ አይሠራም፣ የምግብ ፍላጎትም ይዛባል፤ ሌሊት ጣፋጭና ቅባት የሚያምረው ለዚህ ነው። ግፊቱን ይለካ፤ በተለያየ ቀን 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የጾም ስኳሩ 126 ከደረሰ ሐኪም ይየው። በኃይል እያንኮራፋ መሃል ላይ ትንፋሹ ቆሞ ታፍኖ የሚነሳ ከሆነም 8 ሰዓት ቢተኛ እንኳ አይጠግብምና ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት።

ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። ሎግያ ወይም ሚሌ ላይ ቀን ጋቢና ውስጥ ከተኛ ሙቀቱ ስለሚቆራርጠው 4 ሰዓቱም 4 ሰዓት አይደለም፤ ማራገቢያ ያለው ክፍል ይከራይ። ቡና ከመተኛቱ 6 ሰዓት በፊት ያቁም። ጨብሲውንም ይተው፤ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የእንቅልፉን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል።

ደጋግሞ ካዛጋው፣ ያለፈውን ከተማ ካላስታወሰ ወይም ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ከነካ፣ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያድነውም። ከመንገድ ወጥቶ ማደያ ወይም ከተማ ውስጥ ያቁም። አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ሸለብ ያድርግ፤ ቡናው መሥራት የሚጀምረው ሲነቃ ነው። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ከከባድ እንቅልፍ ተነስቶ ስለሚደነዝዝ የስልኩን ማንቂያ ይሙላ። ከነቃም በኋላ 15 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ሳይል መሪ አይያዝ። ይህ ግን ወደ ማደሪያው ለመድረስ ነው፤ የሌሊቱን እንቅልፍ አይተካም።

ጫቱን ለማቆም ከወሰነ፣ ቤት በሚያርፍበት ሰሞን ይጀምር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍ፣ ድብርትና ቁጣ ሊመጣበት ስለሚችል፣ መንገድ ላይ እያለ በድንገት ማቆም አደጋ አለው።