ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የኦፕራሲዮን ጠባሳዬ ለምን አበጠ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጅማ፣ ሄርማታ የምኖር እናት ነኝ። ከ4 ወር በፊት በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ቁስሉ ደህና ቢድንም ጠባሳው ጠቁሮ ከፍ ብሏል፣ ማታ ማታም ያሳክከኛል። የባለቤቴ እህት ውጭ አገር ከወለደች 3 ዓመቷ ነው፤ በስቴፕል ስለተዘጋላት ጠባሳዋ ካልተፈለገ አይታይም። የእኔ በክር በመሰፋቴ ነው?

መልስ፦ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። ክሩን አይውቀሱት። ስቴፕል ቆዳን በትንንሽ ብረት የሚይዝ ነው፤ ለቀዶ ሐኪሙ ጥቂት ደቂቃ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ቁስሉ የመላቀቅ ዕድሉ ከክር ይበልጣል። ከወራት በኋላ በሚታየው መልክ ግን ሁለቱ ያን ያህል አይለያዩም። ምርጫው ለእኔ ቢተው ከቆዳ ሥር ገብቶ ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋውን ክር እመርጣለሁ።

ደግሞም የ4 ወር ጠባሳ ከ3 ዓመት ጠባሳ ጋር አይወዳደርም። ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይነሳል፣ ያሳክካል፤ የሚረጋጋው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። መልኩን ከሁሉ በላይ የሚወስኑት ቁስሉ መመርቀዙ ወይም አለመመርቀዙ፣ የተቀደደበት አቅጣጫ (ከእምብርት ወደ ታች የወረደው ከአግድሙ የባሰ ይወጠራል) እና የቆዳዎ ተፈጥሮ ናቸው።

መስታወት ፊት ቆመው ይመልከቱት። እብጠቱ ከተቀደደበት መስመር ካልወጣ ብዙውን ጊዜ በራሱ እየተኛ ይሄዳል። መስመሩን አልፎ ጤነኛው ቆዳ ላይ ከተስፋፋ ግን ኬሎይድ ነው። የጆሮ ቀዳዳዎ ወይም ክንድዎ ላይ ያለው የክትባት ምልክት አብጦ ያውቃል? ካወቀ ለቆዳ ሐኪም ይንገሩ። ኬሎይድ የሚታከመው በየጥቂት ሳምንቱ እብጠቱ ውስጥ በሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ነው፤ ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ብዙ ጊዜ አብሶ ያመጣዋል።

ለአሁኑ ፋርማሲ ካገኙ የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ ከ2 እስከ 3 ወር ይጠቀሙ፤ ልጣፉ በቀን 12 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። የሚቀባው ሙሉ በሙሉ የዳነ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ጎረቤት ቅቤና ማር ቀቢ ማለቷ አይቀርም (ጅማ ላይ ማር መቼ ይጠፋል!)፤ ማሩን ለቁርስ ያድርጉት።

የቆዳው ጠባሳ ስለ ማኅፀንዎ ስፌት ምንም አይነግርም። ማኅፀኑ በየት በኩል እንደተቀደደ የሚያሳየው የኦፕራሲዮን ማስረጃዎ ነውና ኮፒውን ጠይቀው ይያዙ፤ ለሚቀጥለው እርግዝና ያስፈልጋል።

መግል፣ ትኩሳት ወይም የሚከፈት ቦታ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። ጠባሳው ላይ በወር አበባ ሰሞን ብቻ እያበጠ የሚያምም ጓል ካለ ደግሞ ኬሎይድ ላይሆን ይችላል፤ የማኅፀን ሽፋን እዚያ በቅሎ ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይታይ።