«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ለምትሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ውስጥም ለቅሶ ቤትም የምሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «ታይፎይዴ ተነሳብኝ»። በሽታው እንደ አስም፣ እንደ ጨጓራ የግል ንብረት ሆኗል። እንዲህ ያለችኝን ልጅ «ማን ነገረሽ?» ስላት ከቦርሳዋ ወረቀት ታወጣለች፤ «ዊዳል፦ ሪአክቲቭ» ይላል። እኔም እንዲህ ብዬ የፈረምኩባቸው ወረቀቶች ቢደረደሩ ሳሎኔን ይሞሉታል። ስለዚህ ይህን ምክር እንደ ኑዛዜም ቁጠሩት።

ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ምርመራ ነው። ከደማችሁ ሴረም አንድ ጠብታ፣ ከሞተ የታይፎይድ ጀርም ከተዘጋጀው ፈሳሽ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ይቀላቀላል፤ ከተቋጠረ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። የሚያሳየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ደግሞ ከዓመታት በፊት ከነበረ ሕመም፣ ከክትባት ወይም ከሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ ሊመጣ ይችላል፤ ወባም ያሳስተዋል። በደንቡ ከሆነ ከ7 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ መጠኑ አራት እጥፍ መጨመሩ መታየት ነበረበት። ለሁለተኛው ደም ተመልሶ የመጣ በሽተኛ አላስታውስም፤ እኛም አልጠራነውም። ወንድሙ፣ ዌል ፌሊክስ የሚባለው ምርመራማ ለታይፈስ ይታዘዝ እንጂ የሚሠራው ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀሎን ለጨዋታ የራሳችንን ደም መረመርን። ማናችንም አላመመንም። ከአምስታችን የሁለታችን ተቋጠረ። ሳቅን፣ ስላይዱን አጠብን፣ በማግስቱም ያንኑ ምርመራ ለበሽተኞች መሥራታችንን ቀጠልን።

ጀርሙን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው የደም ካልቸር ይሻላል፤ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ ከአሥር የታይፎይድ ታማሚዎችም አራት ያህሉን ሊስት ይችላል። በዚያ ላይ በሽተኛ «ምንም አልተገኘም» ሲባል ገንዘቡ የተበላበት ይመስለዋል፤ ለሕመሙ ስም የሰጠው ክሊኒክ ግን ጎበዝ ይባላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የተሳሳተ ስምም በሽታን ይደብቃል።

ታይፎይድ የለም አላልኩም። አለ፤ ሳይታከም ሲቆይ፣ በተለይ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ አንጀት በስቶ ይገድላል። ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ካለ ደብዳቤዬን ይቅደደው። ነገር ግን ትኩሳት ብዙ እናቶች ያሉት ልጅ ነው፤ ወባ፣ ግርሻ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን።

ከውጭ አገር ገንዘብ እየላካችሁ ለወላጆቻችሁ «ሙሉ ምርመራ» የምታስደርጉትን ደግሞ ትንሽ ላስቁማችሁ። በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 የካንሰር ቅድመ ምርመራ ሲጀመር፣ ብዙ ሰው ትንሽ ገንዘብ ጨምሮ የአንገት አልትራሳውንድ ይነሳ ጀመር። በ2011 የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው መጠን ግን ንቅንቅ አላለም። ምርመራው አልዋሸም፤ እብጠቱ ካንሰር ነበር። አብዛኛው ግን ሳይታወቅ ከባለቤቱ ጋር ያረጅ የነበረ ነው። የታይሮይድ እጢያቸውን ካስወጡት ሰዎች አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ኪኒን ይውጣሉ።

እናንተ ምን ታድርጉ? ሐኪማችሁን «ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉት። በትሕትና ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ለሚቆጣውም ጥያቄው ይጠቅመዋል። በተባላችሁበት ቀን ካልተሻላችሁ ወደዚያው ሐኪም ተመለሱ፤ አዲስ ክሊኒክ በሄዳችሁ ቁጥር ታሪካችሁ ከሀ ይጀምራል፣ ዊዳሉም እንደገና ይሠራል። የድሮ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እያተኮሰው መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ሪአክቲቭ ብዬ ጻፍኩ። ሲፕሮ ተሰጠው፣ ለጥቂት ቀን ቀለል አለው፤ ቀጥሎ የሴፍትሪያክሶን መርፌ፣ ከዚያ እንደገና ሲፕሮ። በአራተኛው ገና የተመረቀች ዶክተር ደረሰችው፤ የላከችልኝ ትእዛዝ የአክታ ምርመራ ነበር። በማይክሮስኮፑ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያዮቹ የቲቢ ዘንጎች ተበትነው አየሁ። ምን እንዳሳሰባት ስጠይቃት «ቀበቶውን አይተኸዋል?» አለችኝ። በምስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቶበት ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ደሙን የቀዳሁት እኔ ነበርኩ።