ፎቶ ላይ ያማረችው ሆንዳ መንገድ ላይ ለምን አስቸገረች?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የ1980 ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል ገዝቼ ካፌ ሬሰር (የድሮ ውድድር መልክ ያላት፣ ዝቅ ያለች ሞተር ሳይክል) አደረግኳት። መሪዋን ዝቅ አድርጌ፣ የኋላ ሾኮቿን በአጫጭር ለወጥኩ። የአየር ፊልትሮ ሳጥኑን አውጥቼ በየካርቡሬተሩ (አየርና ነዳጅ በሚቀላቅለው ዕቃ) አፍ ትንንሽ ፊልትሮ ገጠምኩ። መቀመጫዋንም አሳጠርኩ። ያየ ሁሉ ፎቶ ያነሳታል። ስነዳት ግን 20 ደቂቃ ሳይሞላ እጄ ይደነዝዛል፣ ጉድጓድ ላይ ወገቤን ትለኛለች፣ ጋዝ ስሰጣት መሀል ላይ ትታነቃለች። መልኳን ሳላበላሽ ሥራ የምሄድባት ላደርጋት እችላለሁ?»

በደንብ ትችላለህ፣ ወንድሜ። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ውበት ከሁሉ በላይ መስመሯ ላይ ነው። የታንኩ የታች ጠርዝና የመቀመጫው የታች ጠርዝ ከጎን ሲታዩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ፣ ዓይን እዚያው ያርፋል። ይህ መስመር ከአነዳድ ጋር ጠብ የለውም። ስለዚህ እሱን አትንካው። አንተን ያስቸገሩህ ነገሮች ሌላ ቦታ ናቸው።

ትልቁ ጣጣ ያለው ሾኩ ላይ፣ ማለትም የመንገዱን ምት የሚያለዝበው ሞላ ያለው ዕቃ ላይ ነው። ኋላዋ ሲወርድ የፊት ሹካዋ፣ የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች፣ ይበልጥ ይጋደማል። ያኔ መሪው ይሰንፋል፣ ኩርባ ላይ ቶሎ አልታጠፍ ትላለች። የጎን ማቆሚያው የተሠራው ለድሮው ቁመቷ ስለሆነ አሁን ቀጥ ብላ ነው የምትቆመው፤ አንድ ሰው ገፋ ቢያደርጋት ትወድቃለች። ከሁሉም በላይ ግን፣ አጭር ሾክ ብዙ ጊዜ የሚጫንበት ርቀትም አጭር ነው። ጉድጓድ ስትገባ መጨረሻው ድረስ ሄዶ ይመታል። ወገብህ የሚቀበለው ያንን ምት ነው።

በፋብሪካው ርዝመት ያለ ሾክ መልስላት። ኋላዋ ከፍ ሲል መልኳ ይጠፋል ብለህ አትስጋ፤ የውድድር ሞተር ሳይክሎችም ኋላቸው ከፍ ያለ ነው።

መቀመጫውን ስላሳጠርክ ግን አንድ ፍተሻ የግድ ነው። የሾኮቹን ሞላ በሞላ መጭመቂያ አውጣ። ሞላው ተወጥሮ ስለሚቀመጥ በባዶ እጅ እንዳትሞክረው። ሞላ የሌላቸውን ሾኮች መልሰህ እሰርና ጎማውን በጃክ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሳው። በጎማውና ከመቀመጫው ስር ባለው ብረት መካከል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ክፍተት እፈልጋለሁ። ያ ከሌለ ብረቱ እንደገና ይበየድ። በፍጥነት እየሄድክ ጎማው ብረት ከነካ የሚመጣውን አደጋ መገመት አያቅትህም።

ሞላውን ስትመልስ ለራስህ ክብደት አስተካክለው። ጎማው ከመሬት ተነስቶ እያለ ከአክሰሉ እስከ መቀመጫው ብረት ያለውን ርቀት ለካ። ከዚያ የመንጃ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥና ሰው ይለካልህ። ልዩነቱ ጎማው በጠቅላላ ወደ ላይ ከሚሄድበት ርቀት ሲሶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። 100 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ ወደ 30 ማለት ነው።

ወደ እጅህ ልምጣ። ዝቅ ያለ መሪ የመጣው ከውድድር ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትበር ነፋሱ ደረትህን ደግፎ ይይዝልሃል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከመብራት መብራት በ50 ስትሄድ ግን ያ ነፋስ የለም፤ ደረትህን የተሸከመው የእጅህ አንጓ ነው። እግር ማሳረፊያው በፋብሪካው ቦታ ከቀረ ደግሞ ይብሳል፤ እግርህ ወደ ፊት ስለሆነ ሰውነትህን አይደግፍልህም።

እስቲ እሷን አቁመህ እንደምትነዳ ሆነህ ተቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱንም እጅህን ከመሪው አንሳ። በሆድና በጭን ጉልበት ብቻ ለጥቂት ሰከንድ መቆየት ካቃተህ መሪው በጣም ወርዷል። ከላይኛው የሹካ ማያያዣ በላይ የሚታሰር ዓይነት ግጠም፣ ወይም ጠፍጣፋ አጭር መሪ። እግር ማሳረፊያውንም ትንሽ ወደ ኋላ አምጣው። ከርቀት ሲታይ የመልክ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ አዙር። አውራ ጣትህ ታንኩን መንካት የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ቆማ እያለች ስታዞረው ድምፁ ከጨመረ ደግሞ የጋዝ ኬብሉ እየተወጠረ ነውና መንገዱን ቀይርለት።

መታነቋ ከፊልትሮው ነው። በ1969 በወጣችው የመጀመሪያዋ ሲቢ 750 የካርቡሬተሩን በር የሚያነሳው በቀጥታ ኬብሉ ነበር። ከ1979 ጀምሮ በወጡት፣ በአንተዋም ጭምር፣ በሩን የሚያነሳው የአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ስስ የላስቲክ ሽፋን ይዞት ይወጣል። ይህ ዓይነቱ የተረጋጋ አየር ይፈልጋል፣ አየሩን የሚያረጋጋው ደግሞ ያ የጣልከው ሳጥን ነው። ጄቱን (ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) በትልቅ መለወጥ፣ ነዳጁን የሚመጥነውን መርፌ በቀጭን ዋሸር ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ብዙ ልፋት አለው፣ መሀሉም ላይስተካከል ይችላል። ከመቀመጫው ስር ባዶ ሆኖ ሲታይ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ እኔም እወደዋለሁ። የአንተ ግን በየቀኑ ሥራ የምትሄድባት ናት፤ ሳጥኑን መልሰህ በጎን ክዳኖቹ ሸፍነው። የደረቁትን የላስቲክ ቱቦዎች በሙቅ አየር አለስልሰህ ግጠም፣ የተሰነጠቀ ካለ ለውጥ።

መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ይበቃሃል። ጠርዙን ቀጭን፣ መሀሉን ወፍራም አድርገህ ቅረጸው፤ ከጎን ሲታይ ቀጭን ይመስላል። ጎማዎቹ ላይ ያሉትን አራት አሃዞችም እይ፤ 2312 ካለ በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ እንዲያ ያረጀ ከሆነ ጥርሱ ቢኖርም ይጣል። የፊት ፓራፋንጎዋን አውልቀህ ከሆነም መልሰው። በዚያ ዘመን ቀጫጭን ሹካዎች ላይ የፓራፋንጎው ማሰሪያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ይይዛል።

ሥራውን ከፊልትሮ ሳጥኑ ጀምር፤ ሞተሩ በትክክል ካልሠራ ሌላውን ነድተህ መፈተሽ አትችልም። ቀጥሎ ሾኩ፣ ከዚያ መሪው። ቀለምና ብየዳ የሚነካ ነገር ካለ ጥቂት ሳምንት ሥራ ተመላልሰህባት እስክታይ ይቆይ። ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ ደግሞ ሞተር ሳይክልህ ሲቢ 750ኬ ትሁን ሲቢ 750ኤፍ ለይተህ ጠይቅ፤ የሁለቱ የኋላ ጎማ ልክ አንድ አይደለም።