«ከተማው ሳይደርስባችሁ ሽጡ» ለተባለ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሰሜን ሸዋ፣ ባሶና ወራና ወረዳ፣ ለደብረ ብርሃን ቅርብ የሆነ ቀበሌ ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። እናቴ አራት ጥማድ መሬት አላት። ገብስና ባቄላ እንዘራለን፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ አለን። አንድ ደላላ እየተመላለሰ «ከተማው እየመጣ ነው፤ መንግሥት በነጻ ሳይወስድባችሁ ሽጡ» ይለናል። 500 ካሬ በ200,000 ብር ሊያሸጠን ነው። ወረቀቱ ግን የሽያጭ ሳይሆን የብድር ውል ነው። «ለመተማመኛ» ብሎ 400,000 ብር እንደተበደርን ይጻፍ ብሏል። 20,000 ብር ቀብድም ለእናቴ ሰጥቷት ሄደ። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የአባቴም የእሷም ስምና ፎቶ አለ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ሽጡና ድርሻዬን ላኩልኝ» እያለ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት እናትሽ ምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ፣ አሻራም አያሳርፉ። ፈርመው ከሆነም ዛሬውኑ የወረቀቱን ቅጂ ይዘሽ ጠበቃ ወይም የነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ባለሙያ ፈልጊ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገባችሁ ነው። የሕግ ትምህርት ክፍሉ አቅም ለሌለው ሰው ድጋፍ ይሰጥ እንደሆነ ሄዶ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ደላላው ከተናገረው ውስጥ አንድ እውነት አለ። ከተማው እያደገ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ደብረ ብርሃን 38,717 ሰው ነበራት። በ1999ኙ ቆጠራ 65,231 ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ አሁን የሚጠራው ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። ግን ለማየት ቆጠራ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ የብርድ ልብስና የቢራ ፋብሪካዎቹ አሉ። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣው ወገናችንም እዚያው ተጠግቷል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አሁን ደግሞ ሪጂዮፖሊታን ከተማ የሚባለው ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ተሰጥቷታል። ወደ ዙሪያዋ መስፋቷ አይቀርም።

ውሸቱ «መንግሥት በነጻ ይወስደዋል» ያለው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው ይላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ገበሬ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለውም ይናገራል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልገው ደግሞ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። ደላላው የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ፍርሃት ብቻ ነው። ቀሪውን አይነግራችሁም፤ ቢነግራችሁ አትሸጡለትማ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። አንድ ቀበሌ በከተማው ፕላን ውስጥ ገባ ማለት መሬቱ በዚያው ቀን ተወሰደ ማለት አይደለም። ፕላን ለዓመታት የሚሠራ ሐሳብ ነው። መሬታችሁ የሚወሰደው በእናንተ ይዞታ ላይ ውሳኔ ተሰጥቶ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ሲደርሳችሁ ነው። እስከዚያ ድረስ ይዞታው የእናትሽ ነው። ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ያጭዱታል። ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብም ሂዱና ጠይቁ። ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ የመቀመጥ ልማድ ብዙ ገበሬ ጎድቷል።

አሁን ወደ ብድሩ ወረቀት እንምጣ። እኔን ያሳሰበኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

የመሬት ሽያጭ ውል ሕጋዊ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እንዲህ ያለ ውል ፈራሽ መሆኑን በተደጋጋሚ ወስኗል። ውሉ ሲፈርስ ገዢው መሬቱን ይመልሳል፤ ሻጩም የወሰደውን ብር ይመልሳል። ብሩ ተበልቶ ካለቀ ችግር ነው። ደላሎች ይህን ያውቃሉ። ለዚህ ነው «ሽያጭ» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ አውጥተው «ብድር» ያደረጉት። ውልና ማስረጃ የሚሠራው መሥሪያ ቤት የመሬት ሽያጭ አያጸድቅም። የብድር ውል ግን ሲቀርብለት ከጀርባው ምን እንዳለ ላያውቅ ይችላል።

እንዲህ አስቢው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ መሬት ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ ተፈለገ እንበል። ካሳው የሚከፈለው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው፣ ማለትም ለእናትሽ። ያኔ ገዢው የ400,000 ብሩን ወረቀት ይዞ ፍርድ ቤት ይመጣል። እናንተ «እኛ አልተበደርንም፤ መሬት ነው የሸጥንለት» ትላላችሁ። ዳኛው ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2005ና 2006 ይከፍታል። የተፈራረሙበት ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። በጽሑፉ ላይ የተጻፈውን በሰው ምስክር ማፍረስም በመርሕ ደረጃ አይፈቀድም። ጎረቤት ሁሉ እውነቱን ቢያውቅም ወረቀቱን ማሸነፍ ከባድ ነው። ለ200,000 ብር መሬት 400,000 ብር ባለዕዳ ትሆናላችሁ።

እናትሽ ማንበብና መጻፍ ባለመቻላቸው ሕጉ አንድ መከላከያ ሰጥቷቸዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያሳረፈው ፊርማ ወይም አሻራ በዳኛ ወይም ውል በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ፣ ሦስት እማኝ ጠርቶ፣ ጠላ ቀርቦ የታተመ አሻራ ብቻውን አያስፈራችሁ። ግን በዚህ ተማምናችሁ ቸል አትበሉ። ደላላው «ለመታወቂያ ነው» ወይም «ለእርዳታ ምዝገባ ነው» ብሎ ቢሮ ወስዶ ያስፈርማቸው ይሆናል። እናትሽ አንቺ ወይም የምታምኑት ሰው ሳታነቡላቸው የትም ቢሮ አሻራ እንዳያሳርፉ። ይህን ቁጭ ብለሽ፣ ቀስ ብለሽ አስረጂያቸው።

ገንዘብ አስፈልጓችሁ ከሆነ ሕጋዊ መንገድ አለ። መሬቱን በጽሑፍ ውል ማከራየትና ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ይቻላል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። ብድር መውሰድ ካለባችሁ ከሕጋዊ አበዳሪ ተቋም ይሁን፤ ከደላላ ጋር በወረቀት አትጫወቱ።

ቀጥሎ፣ ከተማው በእውነት ቢመጣ ምን ታገኛላችሁ? ዋናው ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ማሻሻያ ስለወጣበት ትእዛዝ ሲደርሳችሁ አዋጁን ከነማሻሻያው የሚያነብላችሁ ባለሙያ ይኑር። በአዋጁ መሠረት ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲወያይ መደረግ አለበት። አስቸኳይ ሲሆን ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል።

ካሳው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የንብረቱ ነው፦ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ባሕር ዛፉ፣ መሬቱን ለማሻሻል ያወጣችሁት ጉልበትና ገንዘብ። ሌላው የመፈናቀል ካሳ ነው። ምትክ መሬት ካልተሰጣችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ካገኛችሁት ዓመታዊ ገቢ ትልቁ ተወስዶ በ15 ይባዛል። ትልቁ ዓመት 90,000 ብር አስገብቶ ከሆነ 1,350,000 ብር ይመጣል። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠ ግን የሚከፈለው የአንድ ዓመቱ ገቢ ነው። ከመኖሪያ ቤት ከተነሳችሁ ደግሞ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም የሚታሰብ አለ። ዕድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ የአባትሽ መቃብር ያለበት ደብር፣ እነዚህ በገንዘብ ባይተመኑም ሕጉ ጭራሽ አልረሳቸውም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቺ። 15 የሚባዛው በምን ላይ ነው? በገቢያችሁ ላይ። ገቢያችሁን ማን ያውቃል? ማስረጃ ካልያዛችሁ ማንም። ገማቹ የወረዳውን አማካይ ምርት ይዞ ይሄዳል፤ የእናንተ መሬት ከአማካዩ በላይ ቢሰጥም እዚያው ይቀራል። በዚህ ምክንያት ጥሩ አራሽ ሆነው አነስተኛ ካሳ የተቀበሉ ገበሬዎች አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ክፈቱ። ስንት ኩንታል ገብስ፣ ስንት ኩንታል ባቄላ፣ በስንት ተሸጠ፣ ለማን ተሸጠ። የማኅበር ደረሰኝ ካለ አስቀምጡት። ጭዱና ገለባው ገቢ ነው፤ ለከብት ድለባ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ስንት እንደሚሸጥ ታውቂዋለሽ። አጣና ከሸጣችሁ ቀኑን ጻፉ። የግብርና ባለሙያው ማሳችሁን ሲጎበኝ ምርቱን መዝግቦ እንዲፈርም ጠይቁት። ባሕር ዛፉን ቆጥራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ማስታወቂያ ከደረሳችሁ በኋላ የተተከለ ዛፍና የተሠራ ቤት ካሳ አያስገኝም፤ በዚያ ሰዓት ችግኝ ለማጥለቅለቅ መሮጥ ትርፉ ድካም ነው።

ትእዛዙ ከደረሳችሁ በኋላ በግምቱ ወይም በውሳኔው ካልተስማማችሁ፣ አዋጁ ለቅሬታ ሰሚ አካል ለማመልከት 30 ቀን ይሰጣል። ከዚያም ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። 30 ቀን በአጨዳ ወራት እንደ ሳምንት ነው የሚያልፈው። ትእዛዙ የደረሳችሁን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ አቤቱታውንም በጽሑፍ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። በቃል «አመልክቼ ነበር» ማለት ብዙ አይረዳም።

አንድ ሌላ መብት አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። መልሶ በሚለማ አካባቢ ያለ ባለይዞታ አቅሙን ካሳየ በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት የቅድሚያ መብት አለው፣ ብቻውን ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ተደራጅቶ። ቀላል አይደለም፤ ገንዘብ ይጠይቃል። ግን አንዳችሁም ሳታነሱት ቢቀር ያሳዝናል። ጎረቤቶቻችሁ ወጣት ልጆች ካሏቸው ከአሁኑ ተነጋገሩበት።

የደብተሩ ጉዳይ እንዲህ ነው። የሁለቱም ስምና ፎቶ ስላለበት የእናትሽ ድርሻ ከአባትሽ ውርስ የመጣ አይደለም፤ ድሮም የራሳቸው ነው። ወንድምሽ ሊጠይቅ የሚችለው በአባቱ ድርሻ ላይ ብቻ ነው። በእሱም ላይ ቢሆን ማን ይወርሳል የሚለውን የሚወስነው የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ እንጂ የእሱ ፍላጎት አይደለም። ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ከወረዳው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ከዚያ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ደብተሩን አስተካክሉ። ይህን አሁን አድርጉት። ቀበሌው ወደ ከተማ አስተዳደር ከዞረ ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ ሲጓዝ የሚጠፋ ወረቀት አይታጣም፤ የሟች ስም ያለበት ደብተር ደግሞ በካሳ ክፍያ ጊዜ ጭቅጭቅ ያስነሳል። ወንድምሽንም አትጣይው። ስልክ ደውለሽ የብድር ወረቀቱን ታሪክ በዝርዝር ንገሪው። ዕዳው ወራሾችንም እንደሚነካ ሲረዳ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል።

የ20,000 ብሩ ቀብድ ግን ቤት ውስጥ አይደር። ደላላው «ቀብድ የበላ እጥፍ ይከፍላል» ሊላችሁ ይችላል። ሕጉ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋጌ አለ፤ የሚሠራው ግን በሕጋዊ ውል ላይ ነው። ፈራሽ በሆነ የመሬት ሽያጭ ላይ የተሰጠ ቀብድ እጥፍ አያስከፍልም ብለን እንከራከራለን፤ መመለስ ያለበት ያው 20,000 ብር ነው። በእጅ አትስጡት። በባንክ ወደ ሒሳቡ አስገቡትና ምክንያቱ ላይ «የቀብድ ተመላሽ» ብላችሁ አስጽፉ። ሒሳብ ቁጥሩን አልሰጥም ካለ በሁለት ሽማግሌ ፊት አስረክቡትና ተቀበልኩ የሚል ወረቀት አስፈርሙት። ያም ካልሆነ ጠበቃው ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት። የባንኩን ደረሰኝ ከይዞታ ደብተሩ ጋር በአንድ ላይ አስቀምጡት።