«በእኔ ላይ ልትማር ነው?»

የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ደሴ ላይ ኢንተርንሺፑን እየጨረሰ ነው። እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «የጨጓራና አንጀት ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ግን ራውንድ ላይ አንድ አባት "ልጄ፣ በእኔ ላይ ልትማር ነው?" አሉኝና መልስ አጣሁ። ሰልጣኝ ሲገባበት የኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ጥራት ይወርዳል ሲባልም ሰምቻለሁ። ሰው ጎድቼ ከምማር ሌላ ሙያ ልምረጥ?»

አብሽር ወንድሜ፣ አትቀይር። ጥያቄው ስላስጨነቀህ ግን ደስ ብሎኛል። እኔን የሚያሰጋኝ የማይጨነቀው ሰልጣኝ ነው።

የሰማኸው ከፊሉ እውነት ነው። ሰልጣኝ ሲገባ ምርመራው ይረዝማል። ጀማሪ ስኮፑን (ካሜራ ያለውን ቱቦ) ትርፍ አንጀት እስካለበት ጫፍ ለማድረስ ይቸገራል። ምልክት ሳይኖረው ለቅድመ ምርመራ ለመጣ ሰው ግን ዋናው ነገር ፖሊፑ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅለው እብጠት) መገኘቱ ነው። እዚህ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም። ሲኒየሩ (አሠልጣኙ ሐኪም) አብሮ ቆሞ ሰልጣኝ ሲሳተፍ ግኝቱ ያልቀነሰባቸው አሉ፤ የጨመረባቸውም አሉ። አይገርመኝም፤ ስክሪኑን የሚያየው አራት ዓይን ነዋ!

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የኢንዶስኮፒ ነርስ ነበርኩ። ስኮፑ ጫፍ ሲደርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እፎይ ይላል። አንዳንዱ ሲኒየር ስልክ ሊያነሳ የሚወጣው ያኔ ነው። ፖሊፕ በደንብ የሚፈለገው ግን ስኮፑ ሲወጣ ነው። አንድ ቀን ሰልጣኙ ቶሎ ቶሎ ሲያወጣ ሲኒየሯ እጁን ያዝ አደረገችው። «ተመለስ፤ ያቺን እጥፋት እጠባት» አለችው። ውሃ ረጨበት። ቅሪቱ ሲነሳ ከሥሩ ምስር የምታህል ጠፍጣፋ ፖሊፕ ብቅ አለች። ሦስታችንም ዝም አልን።

የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበራት ስኮፑን ማውጣቱ በአማካይ ቢያንስ 6 ደቂቃ ይፍጅ ሲሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 8 ከፍ ያደረጉት ለዚሁ ነው። አንድ ሐኪም ከሚመረምራቸው መካከል አዴኖማ (ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ፖሊፕ) ሊያገኝባቸው የሚገባውን ዝቅተኛ ድርሻም ከ25 ወደ 35 በመቶ አሳድገውታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ ጥናት ይህ ድርሻ በ1 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር በኋላ የሚከሰተው ካንሰር በ3 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚመረመረው ምልክት ያለው ሰው ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ አትገልብጠው። የራስህን መዝገብ ግን ከመጀመሪያው ቀን ያዝ።

መንገዱ ረጅም ነው። ጠቅላላ ሐኪም፣ ከዚያ የውስጥ ደዌ፣ ከዚያ ሰብ ስፔሻሊቲ። ለብቃት 140 ኮሎኖስኮፒ ይበቃል ይባል ነበር፤ በኋላ የወጣ ጥናት ወደ 275 አድርሶታል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጥ ስሙን ብቻ አትይ። እዚያ ያሉትን ሬዚደንቶችና ፌሎዎች (በስፔሻሊቲና በሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን) ቡና ጋብዝና ጠይቃቸው። በዓመት ስንት ይሠራሉ? ስኮፑ ሲወጣ ሲኒየሩ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሲያድበሰብሱ ካየህ ሌላ ቦታ ፈልግ።

አሁንም እጅህ ላይ ያለ ሥራ አለ። አንጀቱ ካልጠራ የማንም ዓይን አይረዳም። ከወረኢሉ የሚመጣ ሰው የአንጀት ማጠቢያውን መድኃኒት ጠጥቶ አውቶቡስ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ደሴ ማደሪያ ዘመድ አለው ወይ? መቼ ጠጥቶ መቼ ምግብ እንደሚያቆም በቃል አስረዳው፤ መልሶ እንዲነግርህም አድርግ። ስኮፕ ሳትነካ ጥራት መጠበቅ ትችላለህ።

እኒያን አባት ካገኘሃቸው እውነቱን ንገራቸው። «አዎ አባቴ፣ እየተማርኩ ነው። ሲኒየሬ ግን እስከ መጨረሻው ከጎኔ አይለይም። ካልፈለጉ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ ሕክምናዎ አይጓደልም» በላቸው። እምቢ ካሉ አትቀየም። ከፈቀዱልህ ከጎን ቆመህ ስክሪኑን ተመልከት።