ለሰፊ መኖሪያ ቤት ጄኔሬተር ከመግዛትዎ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታና የጄኔሬተር ጥገና ነው፤ ጄኔሬተር አልሸጥም። ከአዲስ አበባ የመጡትን ጥያቄዎች እንደየአቀራረባቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሦስት ቦይለር፣ የውኃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። ሻጩ «ባለ 20 ኬቪኤ ከበቂ በላይ ነው» ብሎኛል። ልመነው?

መልስ፦ ምጣዱን ሳያይ የተናገረውን አይመኑ። 20 ኬቪኤ (ማሽኑ ላይ የሚጻፈው አቅም) ማለት 20 ኪሎ ዋት (ዕቃዎችዎ የሚጠቀሙበት ጉልበት) አይደለም፤ በተለመደው የ0.8 ስሌት 16 ኪሎ ዋት ነው። እሱም ቢሆን ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚገኝ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከ3 እስከ 4 በመቶ ያጣል። በእጅዎ የሚቀረው 12 ኪሎ ዋት ገደማ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማሽኑ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ፣ ማለትም ኃይሉን በሦስት መስመር ከፍሎ የሚሰጥ ከሆነ፣ 12ቱ ለሦስት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ 4 ኪሎ ዋት ይደርሰዋል። ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። በዚያው ፌዝ ላይ ፓምፑ ካለ፣ ፓምፕ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ሌሎቹ ሁለት ፌዞች ሥራ ፈትተው ሳለ ብሬከሩ ይወድቃል። ስለዚህ ከማሽኑ በፊት የቤቱን ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ያስተካክሉ፦ መብራት፣ ፍሪጅ፣ ፓምፕና ኢንተርኔት ለብቻቸው ይውጡና ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኙ፤ ቦይለሮቹ ይቅሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ግን «ምጣዱ የማይሠራበት ጄኔሬተር ምን ያደርግልኛል?» ትላለች።

መልስ፦ እውነቷን ነው። ለምጣዱ አንድ ፌዝ ለብቻው ይሰጠው፤ እንጀራ እየተጋገረ በዚያ ፌዝ ላይ ሌላ ከባድ ነገር አይከፈት።

ጥያቄ፦ ለምን በአንድ ጊዜ 60 ኬቪኤ ገዝቼ አልገላገልም?

መልስ፦ አይገላገሉም። የናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሲሶ በታች እየሠራ ከቆየ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ቅባት ይንጠባጠባል፣ ጉልበቱም እየደከመ ይሄዳል። ገንዘብዎ ከተረፈዎት ለኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር መሣሪያ) እና ለባትሪ ያውሉት፤ የሌሊቱን ጥቂት መብራት ያለ ድምፅ ይሸከማል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ማዛወሪያ (ቤቱን ከዋናው መስመር ወደ ጄኔሬተር የሚቀይረው ማብሪያ) ወጪ ነው፤ የጄኔሬተሩን ኃይል በሶኬት በኩል እናስገባው» አለኝ።

መልስ፦ ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ። ከቤትዎ የወጣው 220 ቮልት በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ወደ ኋላ ሲሄድ ወደ 15,000 ቮልት ያድጋል፤ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሰው ይሞታል። መብራት ድንገት ሲመጣ ደግሞ ማሽንዎ ይቃጠላል። ማዛወሪያው በእጅም ይሁን በራሱ የሚሠራ፣ ሁለቱ ኃይሎች በፍጹም እንዳይገናኙ የሚያደርግ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የት ላስቀምጠው? ሰርቪስ ቤቱ ጎን ባዶ ቦታ አለኝ።

መልስ፦ ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው ስሕተት ይህ ነው። ጌቶቹ ድምፁን ሲሸሹ ጭሱ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ወደሚተኙበት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ማሽኑ ከማንኛውም መስኮትና በር ይራቅ፤ የጎረቤትም ይቆጠራል። ምድር ቤትና ጋራዥ ፈጽሞ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ምን ያህል ይበላል?

መልስ፦ 6 ኪሎ ዋት እየሰጠ ከሆነ በሰዓት 2 ሊትር ወይም ትንሽ ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ወራት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ቆይቶ፣ የጠፋ ዕለት ማሽኑ አልነሣ አለ።

መልስ፦ መጀመሪያ ባትሪውን ይመርምሩ፤ በቆመ ማሽን ላይ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። ባትሪው ደኅና ከሆነ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ይክፈቱና ውኃ እንዳለው ይዩ፤ በተለይ ከክረምት በኋላ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያስነሡት፤ ባዶውን ሳይሆን ፓምፑንና ምጣዱን አሸክመው።