ዊንዶውስ 10 ተሰናበተ፤ የትኛውን ሊኑክስ ልጫን?

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ሆነዋል። ላፕቶፑ ደህና ይሠራል፣ ዊንዶውስ 11 ግን አይቀበለውም። ስለዚህ ብዙዎች በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ያስባሉ፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑትን ልመልስ።

«ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ አርች... ስማቸው ብቻ አደከመኝ። ስቴብል የሚባለው የትኛው ነው?» (መምህር፣ ከሐዋሳ)

የሊኑክስ ሰዎች «ስቴብል» ሲሉ ክራሽ አያደርግም ማለታቸው ብቻ አይደለም። ማታ የተዉት ነገር ጠዋት እዚያው ይጠብቅዎታል ማለት ነው። ዴቢያን አዲስ እትም የሚያወጣው በግምት በየሁለት ዓመቱ ነው። በመሃል የሚመጣው አፕዴት በአብዛኛው የደህንነት ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ፕሮግራሞችዎን አይለዋውጥም። አርች ደግሞ አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ያመጣልዎታል። ፌዶራ መሃል ላይ ነው፤ በየስድስት ወሩ ገደማ ይታደሳል፣ አንዱ እትም የሚደገፈውም ለ13 ወር ያህል ነው። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ግን ነገ ፈተና ለሚያባዛ መምህር ምን ያደርጉለታል?

ለእርስዎ ሊኑክስ ሚንት ይሻላል። ሚንት 22 በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 አፕዴት ያገኛል። ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱና ዋይፋዩ በቀኝ ነው፤ እጅዎ ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ታይምሺፍት የሚባል መሣሪያም አብሮት ይመጣል። መጀመሪያውኑ ካስተካከሉት፣ አንድ አፕዴት ቢያስቸግር ሲስተሙን ወደ ትናንቱ ይመልስልዎታል።

«ራሙ 4 ጊጋ ነው። ይሸከመዋል?» (ተማሪ፣ ከጎንደር)

ይሸከማል። ከሚንት ዓይነቶች ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) የሚለውን አውርድ፤ ቀለል ያለ ነው። ብሮውዘር ላይ ሃያ ታብ ከከፈትክ ግን ሊኑክስም አያድንህም።

«ቢሮአችን የሚሠራው በፒችትሪ ነው። ልቀይር?» (የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ)

ኧረ ይተዉት! ፒችትሪ የዊንዶውስ የሒሳብ ፕሮግራም ነው። ዋይን የሚባለው መሣሪያ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያስነሳል፣ ግን የሰው ደሞዝ በሙከራ አይሠራም። የሒሳቡ ማሽን ዊንዶውስ ላይ ይቆይ፤ የራስዎን ላፕቶፕ ግን ወደ ሊኑክስ ይቀይሩ።

«አማርኛ በምን እጽፋለሁ? ፓወር ግዕዝ አይሠራም አሉኝ።» (ጸሐፊ፣ ከደሴ)

ፓወር ግዕዝም የዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ አይባስ (IBus) የሚባለውን የመጻፊያ መሣሪያ ኤም17ኤን (m17n) ከሚባለው የቋንቋዎች ጥቅል ጋር ይጭኑና ከዝርዝሩ አማርኛን ይመርጣሉ። አጻጻፉ በድምፅ ነው፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል። ትንሿ ቲ «ት» ትሰጣለች፣ ትልቋ «ጥ»። ሁለት ቀን ያናድድዎታል፣ ከዚያ ይለምዱታል።

የሚያሳስበኝ የድሮው ፋይልዎ ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት የሚያነቡበት የጋራ ኮድ) ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ዊንዶውስን ከማጥፋትዎ በፊት ፎንቶቹን ኮፒ አድርገው ይያዙ። ቢቻል ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎች እዚያው ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሯቸው።

«ዊንዶውሴን ሳልነካ ልሞክረው እችላለሁ?» (ከአዳማ)

ይችላሉ፤ ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ይነሳል። የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርዱት። 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፈስ (Rufus) በሚባለው ፕሮግራም ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው እንደሚጠፋ አይርሱ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሱና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ይፈትሹ።

እግረ መንገድዎን ያንን ሾርትከት ቫይረስ የበላውን ሌላ ፍላሽዎን ሰክተው ይዩት። ጠፉ ያሏቸው ፋይሎች ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተደብቀው ነው የሚገኙት፤ ሊኑክስ ደግሞ ያንን ፎልደር ያሳይዎታል።